ከምድጃ ያመለጠው እንጨት

የሰው ልጅ እንጨትን በማዕረግ ከፋፍሎ ነው የኖረው። በእኛ አገር ዝግባና ጽድ የቤተ ክርስቲያንና የአዳራሽ እንጨቶች ናቸው። ወይራ በጥንካሬው ይከበራል፤ ጢሱ እንኳ ለዕቃ ማጠኛ ይፈለጋል። ዋንዛ ለበርጩማውም፣ ለገበታውም፣ ለከበሮውም ይመረጣል። ከእነዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ለማገዶ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም የተባለ፣ ስሙን እንኳ በወጉ የሚጠራለት የሌለ እንጨት አለ።

አውሮፓውያንም ከዚህ ልማድ አልወጡም። ለእነሱ የእንጨት ንጉሥ ኦክ ነው። መርከቡ፣ የካቴድራሉ ጣሪያ፣ የወይን ጠጅ በርሜሉ ከእሱ ይሠራ ነበር። የባለጸጎቹ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ ከዋልነት፣ ኋላም ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ማሆጋኒ ይበጅ ነበር። በመካከለኛው አውሮፓ ኮረብታ ላይ ሞልቶ ተርፎ የሚበቅል አንድ ዛፍ ግን ዕጣው በአብዛኛው ምድጃ ነበር። እንግሊዞች ቢች፣ ጀርመኖች ቡኸ፣ ፈረንሳዮች ኤትር ይሉታል። በአገራችን ስለማይበቅል የአማርኛ ስም የለውም፤ እኛም ቢች እያልን እንቀጥል።

ለመሆኑ ይህ ለዘመናት ሲማገድ የኖረ እንጨት እንዴት አድርጎ ነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም ሕዝብ የሚቀመጥበት ወንበር ለመሆን የበቃው? ታሪኩ የአንድ ዛፍ ብቻ አይደለም። የአንድ ባለ ዕዳ አናጺ፣ የጥቂት ተራራማ መንደሮችና የብዙ ሺህ ሠራተኞች ታሪክም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

የዛፉ ጠባይ

ቢች ከደቡብ ስዊድን እስከ ሲሲሊ ተራሮች፣ ከአትላንቲክ ዳርቻ እስከ ካርፓቲያን ሰንሰለት ድረስ ይበቅላል። ቅርፊቱ ግራጫና ልስልስ ነው፤ ሻካራ ስንጥቅ አያበጅም። ከ30 ሜትር በላይ የሚመዘዝ ሲሆን በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ሲያድግ ግንዱ ቀጥ ብሎ፣ ብዙ ርቀት ቅርንጫፍ ሳያወጣ ወደ ብርሃኑ ይወነጨፋል። ጥላው ከባድ ስለሆነ ከሥሩ ብዙ ተክል አይበቅልም። የሮማው ባለቅኔ ቨርጂል የእረኞች ግጥሞቹን ሲጀምር አንዱን እረኛ ያሳረፈው በቢች ጥላ ሥር መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንጨቱ ሲሰነጠቅ ነጣ ብሎ ወደ ሐምራዊነት ያዘነበለ ነው። በላዩ ላይ ቡናማ ጤፍ የተበተነበት የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉት፤ ቢችን ከሌላ እንጨት ለይቶ ለማወቅ የሚሻ አናጺ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በእንፋሎት ሲታጠን ደግሞ ቀላ ይላል። ከደረቀ በኋላ አንድ ሜትር ኩቡ ወደ 700 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህም ከኦክ የማይተናነስ ክብደት ነው። ቀዳዳዎቹ ደቃቅና በእኩል የተበተኑ ስለሆኑ ገጹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ለመጋዙም፣ ለመላጊያውም፣ ለቶርኖውም እሺ ባይ ነው። ሲለብስም ስንጥር አያወጣም፤ እንዲያውም እጅ በነካው ቁጥር እየለሰለሰ ይሄዳል። ሽታና ጣዕም የለውም።

ይህን ሁሉ መልካም ጠባይ ይዞ ታዲያ ስለምን ተናቀ? ሦስት ነውሮች ነበሩበት። አንደኛው ውኃ አለመቻሉ ነው። ከቤት ውጭ እርጥብ አፈር ላይ የቆመ የቢች ምሰሶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ኦክ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሁለተኛው አየሩ በተለዋወጠ ቁጥር ማበጡና መኮማተሩ ነው። እርጥቡ ግንድ እስኪደርቅ ድረስ በወርዱ ከመቶ 11 እጅ ያህል ይሸማቀቃል፤ ባግባቡ ካልደረቀም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ነቀዝ ይወደዋል። እንግዲህ ቤት ሠሪና መርከብ ሠሪ ፊታቸውን ቢያዞሩበት አይፈረድባቸውም።

እሳትና አመድ

ግንበኛው የናቀውን ሌላው ፈለገው። ቢች ሲነድ እሳቱ የረጋ፣ ፍሙ የሚቆይ፣ ከሰሉ ጠንካራ ነው። የአውሮፓ ብረት አቅላጮች የድንጋይ ከሰል ከመስፋፋቱ በፊት ከደኑ አጠገብ የሰፈሩት ለዚህ ነበር። ከፍሙ ይልቅ የሚያስገርመው ግን አመዱ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቴዎፍሎስ በሚል ስም የጻፈ አንድ የጀርመን አገር መነኩሴ ስለ እጅ ጥበብ ባዘጋጀው መጽሐፉ፣ ብርጭቆ መሥራት ለሚሻ ሰው ሁለት እጅ የቢች አመድ ከአንድ እጅ ጥሩ አሸዋ ጋር እንዲያቀልጥ ያስተምራል። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሽ አሸዋው ቶሎ እንዲቀልጥ ያደርገዋል። አረንጓዴ መልክ ያለው፣ የጫካ ብርጭቆ ተብሎ የሚጠራው የመካከለኛው ዘመን ብርጭቆ የተወለደው ከዚህ ድብልቅ ነው። ሳሙናውም ቢሆን ከዚያው አመድ የሚገኘውን ፖታሽ ይፈልግ ነበር።

ብርጭቆ ሠሪው ለአንድ ምድጃ ብዙ ዛፍ ይጨርስ ነበር፤ አንድ ሰፈር ሲራቆትበት ምድጃውን አፍርሶ ወደ ሌላ ሸለቆ ይሻገራል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ላይ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣልና።

ከእሳቱ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ። ካርል ራይሸንባኽ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በሞራቪያ፣ ብላንስኮ በምትባል ከተማ እንጨት በታፈነ ምድጃ እያከሰለ የሚወጣውን ሬንጅ ይመረምር ነበር። በ1832 ከቢች ሬንጅ ውስጥ ክሬኦዞት የተባለውን ቅባታማ ፈሳሽ ለየ። ስሙ ከግሪክ ቃላት የተሠራ ሲሆን ሥጋን ከመበስበስ የሚያድን ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዞች ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚገኘውንና በዚያው ስም የተጠራውን ዘይት እንጨት ውስጥ በግፊት ማስረግ ጀመሩ። ይህን ዘይት ከማንም አብልጦ የሚጠጣው ደግሞ ቢች ሆኖ ተገኘ። በዚህም የተነሣ በጥቂት ዓመት ይበሰብስ የነበረው እንጨት በፈረንሳይና በጀርመን ከባቡር ሐዲድ ሥር ተጋድሞ ለዐሥርተ ዓመታት ባቡር ተሸከመ። መድኃኒቱ ስሙን ያገኘው ከራሱ ከበሽተኛው መሆኑ ነው የሚያስደንቀው።

መጽሐፍና ስም

በጀርመንኛ መጽሐፍ ቡኽ፣ ቢች ደግሞ ቡኸ ይባላል። የእንግሊዝኛው ቡክም የዚያው ቤተሰብ ነው። የድሮ ሰዎች ፊደል የሚቀርጹት በቢች ጣውላ ላይ ስለነበረ ነው የሚለው ማብራሪያ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ዛሬም ይከራከሩበታል። የማያከራክረው ሌላ ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ብራና መጻሕፍት በእንጨት ገበታ ይደጎሱ ነበር፤ ከኦክ ቀጥሎ ለዚህ ሥራ በብዛት የዋለው ቢች ነው። የእኛም የብራና መጻሕፍት ገበታቸው እንጨት፣ ብዙ ጊዜም ዋንዛ መሆኑን ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። በቤት ውስጥ፣ በደረቅ ሥፍራ፣ ከሰው እጅ ሳይለይ የሚኖር ዕቃ ለቢች የተመቸ ነውና።

ከማተሚያ ጋር የተያያዘም ተረት አለ። ሐድሪያኑስ ዩኒዩስ የተባለ የሆላንድ ጸሐፊ በ1588 በታተመ መጽሐፉ፣ ላውረንስ ኮስተር የተባለ የሃርለም ሰው በደን ውስጥ ሲዘዋወር ለልጅ ልጆቹ መጫወቻ ከቢች ቅርፊት ፊደላት ቀረጸ፣ ኅትመትም ከዚያ ተወለደ ብሎ ጽፏል። ሆላንዶች ለኮስተር ሐውልት አቁመውለታል፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን ክብሩን ለጀርመናዊው ለጉተንበርግ ሰጥተው ጨርሰዋል።

የዚህ ዛፍ ስም ሌላም፣ የሚሰቀጥጥ ትዝታ ተሸክሟል። ናዚዎች በ1937 በቫይማር ከተማ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ የከፈቱት የእስረኞች ካምፕ ቡኸንቫልድ ይባል ነበር፤ ትርጉሙ የቢች ደን ማለት ነው። እስከ 1945 ድረስ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በዚያ አልቀዋል። ለጀርመናውያን ገጣሞች የሰላምና የጥላ ምልክት የነበረው ስም ከዚያ ወዲህ ያለ ሥጋት የሚጠራ አልሆነም።

በእጅ የሚያዝ እንጨት

ግንበኛና መርከብ ሠሪ ለቢች ቦታ ባይሰጡትም የእጅ ሥራ ሰዎች ቀስ በቀስ ጠባዩን ተረድተውት ነበር። መሣሪያን ለሚይዝ እጅ የሚስማማ እንጨት መሆኑን አወቁ። የአናጺው መላጊያ አካል፣ የሚሠራበት ከባድ ገበታ፣ የመዶሻው እጀታ ከቢች ሆነ። ጣዕምና ሽታ የሌለው በመሆኑ ማማሰያው፣ የሥጋ መክተፊያው፣ የሊጥ መዳመጫው ከእሱ ተሠራ። የልብስ መቆንጠጫና የልጆች መጫወቻም እንዲሁ። በፒያኖ ሆድ ውስጥ ክሩ የሚወጠርባቸውን ችንካሮች ሳይላላ አጥብቆ የሚይዘው ክፍል ብዙ ጊዜ ከተደራረበ የቢች ጣውላ ነው።

በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው የቺልተርን ኮረብታ፣ ቦጀር የሚባሉ ሠራተኞች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ደኑ ውስጥ ዳስ ጥለው፣ በእግር የሚረገጥና በቀጭን ዛፍ የመለጠጥ ኃይል የሚሽከረከር ቶርኖ ተክለው፣ ከእርጥብ ቢች የወንበር እግር ብቻ እያወጡ በሃይ ዊኮም ከተማ ለነበሩ ወንበር ሠሪዎች ይሸጡ ነበር። መቀመጫውን ሌላው፣ መደገፊያውን ሌላው ይሠራዋል። ሥራን መከፋፈል ማለት ፋብሪካ ሳይመጣ በፊት በቢች ደን ውስጥ ተጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል። ቢችን ወደ ዓለም ገበያ የወሰደው ግን ከራይን ወንዝ ዳር የመጣ ሌላ አናጺ ነው።

የቦፓርዱ አናጺ

ሚካኤል ቶኔት በ1796 ቦፓርድ በምትባል የራይን ወንዝ ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበሩ። በ1819 የራሱን የአናጺ ቤት ከፈተ። በዚያ ዘመን ጎበጥ ያለ የወንበር መደገፊያ የሚሠራው ከወፍራም ጣውላ እየተጠረበ ነበር። ይህ አሠራር ሁለት ጉዳት አለው፤ ግማሹ እንጨት ፍልጥና መላጊያ ሆኖ ይጣላል፤ ጎባጣው ላይም የእንጨቱ ጅማት ስለሚቆረጥ በቀላሉ ይሰበራል። ቶኔት በ1830 ገደማ ሌላ መንገድ ሞከረ። የሳሱ የእንጨት ልጦችን በፈላ ኮላ ውስጥ ቀቅሎ፣ ደራርቦ፣ በቅርጽ ላይ አጎበጣቸው። ሲደርቁ ቀላልና ጠንካራ ወንበር ሆኑ።

በ1841 በኮብሌንዝ ከተማ ባሳየው ኤግዚቢሽን ላይ የኦስትሪያው ኃያል ሚኒስትር ልዑል ሜተርኒሽ ሥራውን ተመለከቱ። እሳቸውም የኮብሌንዝ ተወላጅ ነበሩ። በቦፓርድ ከቆየህ ድኻ ሆነህ ትቀራለህ፣ ወደ ቪየና ና ብለው መከሩት ይባላል። ቶኔት ሄደ። በ1842 ማንኛውንም እንጨት በፈለገው መልክ የማጎበጥ ልዩ መብት ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተሰጠው። ነገር ግን በውጭ አገሮች ለሚያወጣው የባለቤትነት መብት የተበደረው ገንዘብ ጉድ አመጣበት። እሱ በቪየና ሳለ አበዳሪዎች በቦፓርድ የነበረውን ንብረቱን ያዙበት፤ ቤተሰቡም ተከተለው። በ46 ዓመቱ፣ ከብዙ ልጆች ጋር፣ በሰው አገር፣ ሀ ብሎ ጀመረ።

ለጥቂት ዓመታት የሊክተንሽታይን መሳፍንት ቤተ መንግሥት ሲታደስ የወለልና የወንበር ሥራ በሌላ ሰው ድርጅት ውስጥ ሠራ። በ1848 አብዮት ተነሥቶ ሜተርኒሽ ከቪየና ሸሹ። ጠባቂው ከሥልጣን በወረዱ ማግስት፣ በ1849፣ ቶኔት ከልጆቹ ጋር የራሱን ሥራ ቤት አቋቋመ። በዚሁ ጊዜ ገደማ ዳውም ከሚባል የቪየና ቡና ቤት ትእዛዝ መጣለት። እነዚያ ወንበሮች ከተደራረበ ማሆጋኒ የተሠሩ ነበሩ። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን የነሐስ ሜዳይ አገኘ። በ1853 ድርጅቱን በአምስት ወንዶች ልጆቹ ስም አዛወረ፤ ስሙም ቶኔት ወንድማማቾች ተባለ።

እዚህ ላይ ሳይታሰብ እንቅፋት ገጠማቸው። በመርከብ ወደ ሞቃትና እርጥብ አገሮች የተላኩት ወንበሮች ኮላቸው እየላላ ተላቀቁ። ኮላ የሌለበት ወንበር መፈለግ ግድ ሆነ። ኮላ የሌለበት ማለት ደግሞ ያልተሰነጠቀ፣ ድፍን እንጨት ማጎበጥ ማለት ነው።

የእንፋሎቱ ምሥጢር

አንድን ዱላ ስናጎብጥ ሁለት ነገር ይሆናል፤ የውስጠኛው ጎን ይታመቃል፣ የውጭው ጎን ይለጠጣል። እንጨት ለሰዓታት በእንፋሎት ሲታጠን፣ ጅማቶቹን እርስ በርስ ያጣበቀው ሊግኒን የተባለ ነገር ይለሰልስና እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ሆኖም በዚህ ጊዜም ቢሆን ሁለቱ ጎኖች እኩል አይደሉም። የለሰለሰ ቢች ከርዝመቱ እስከ አንድ አራተኛ ያህል መታመቅ ይችላል፤ መለጠጥ ግን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ካለፈ ይሰነጠቃል። ዱላ ሲጎብጥ ሁልጊዜ የሚቀደደው በውጭው ጎኑ በኩል የሆነው ለዚህ ነው።

የቶኔት መፍትሔ ሲያዩት ቀላል ነው። በውጭው ጎን ላይ እንጨቱን ሙሉውን የሚያህል ቀጭን የብረት ላሜራ አስደገፈና ሁለቱን ጫፎች አጥብቆ አሠረ። ብረቱ አይለጠጥም፤ ስለዚህ እንጨቱም ሊለጠጥ አይችልም። ሲያጎብጡት ያለው ምርጫ መታመቅ ብቻ ነው፤ መታመቅ ደግሞ ቢች የሚችለው ነገር ነው። በ1856 ለዚህ አሠራር የ13 ዓመት ልዩ መብት አገኘ።

ከእንጨት ሁሉ ስለምን ቢች ተመረጠ? የተናቀበት ጠባይ ሁሉ እዚህ ላይ ጥቅም ሆነ። እርጥበት በቀላሉ ስለሚገባው እንፋሎቱ እስከ ልቡ ዘለቀ። ቀዳዳዎቹ ደቃቅና እኩል በመሆናቸው የሚሰበርበት ደካማ መሥመር አልነበረውም። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ አንጓ የሌለበት ዘንግ ይወጣዋል። በዚያ ላይ የማገዶ ዋጋ ነበረው። ወንበር ደግሞ የቤት ውስጥ ዕቃ ስለሆነ ዝናብ አያገኘውም።

ቁጥር 14

አባትና ልጆች ፋብሪካቸውን በቪየና አልሠሩም። ወደ ቢቹ ሄዱ። በ1857 በሞራቪያ ደን መካከል፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው ኮሪቻኒ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የደኑ ባለቤት ግንዱን ይሸጣል፤ በአካባቢው ደግሞ ርካሽ የሰው ጉልበት ሞልቷል። ሥራው ተከፋፈለ። አንዱ ይሰነጥቃል፣ አንዱ በቶርኖ ያሾራል፣ አንዱ እንፋሎቱን ይጠብቃል። ማጎበጡ የብርቱ ወንዶች ሥራ ነበር፤ እንጨቱ ከእንፋሎት ሣጥን ከወጣ በኋላ ሳይቀዘቅዝ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በብረት ቅርጹ ላይ መጠምዘዝ አለበት። ማለስለሱ፣ ቀለም መቀባቱና መቀመጫውን መጎንጎኑ የሴቶች ነበር። ጉንጉኑ ከሩቅ ምሥራቅ ከሚመጣ ራታን ከሚባል የሐረግ ልጥ የሚሠራ ሲሆን ብዙ የመንደር ሴቶች በየቤታቸው ይሠሩት ነበር። አናጺነት የተማረ ሰው በዚያ ፋብሪካ አያስፈልግም ነበር ማለት ይቻላል። አራሹ ገበሬ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአንዱን ቁራጭ አሠራር ይለምዳል።

በ1859 ቁጥር 14 የተባለው ወንበር ወጣ። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚያደንቁት ጥቂትነቱን ነው። መደገፊያውና የኋላ እግሮቹ አንድ የጎበጠ ዘንግ ናቸው። በእሱ ውስጥ ሁለተኛ ትንሽ ቅስት አለ። አንድ የመቀመጫ ክብ፣ ሁለት የፊት እግሮች፣ እግሮቹን የሚያስተሳስር አንድ ክብ። በጠቅላላው 6 የእንጨት ቁራጭ፣ 10 ብሎን፣ 2 ዳዶ። ኮላ የለውም፣ ቅርጻ ቅርጽ የለውም፣ ጨርቅ የለውም። ተፈታትቶ 36 ወንበር አንድ ሜትር ኩብ በሆነ ሣጥን ውስጥ ይገባል። በርሊንም፣ ቦነስ አይረስም ሲደርስ ብሎን ማጥበቅ የሚችል ሰው ሁሉ ይገጣጥመዋል።

የቡና ቤት ባለቤቶች ወደዱት። ቀላል ስለሆነ አስተናጋጁ በአንድ እጁ ያነሣዋል፤ መቀመጫው ወንፊት ስለሆነ የፈሰሰው ያልፋል፤ ዋጋው ከተለመደው የአናጺ ወንበር በጣም ያነሰ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጋዜጣ የሚነበብበት፣ ፖለቲካ የሚወራበት፣ ቼዝ የሚጫወቱበት የአውሮፓ ቡና ቤት ሁሉ በዚህ ወንበር ተሞልቶ ነበር። ዘሩ ከእኛ ደን የተገኘው ቡና ከሞራቪያ ደን ከወጣው ወንበር ጋር በቪየና የተገናኘው በዚህ ዓይነት ነው። እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል ቁጥር 14 እንደተሸጠ ይነገራል። የዘመናዊ ሥነ ሕንጻ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ለ ኮርቢዚዬም በ1925 በፓሪስ ላቆመው አዲስ ቤት ማሳያ የመረጠው የቶኔትን የቢች ወንበር ነበር።

የወንበሩ ዋጋ

ርካሽ ነገር ሁሉ ዋጋውን የሚከፍልለት ሌላ አለ። የቀድሞው ብርጭቆ ሠሪ ምድጃውን ይዞ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እንደተሻገረ፣ የቶኔት ፋብሪካም ቢቹን እየተከተለ ሄደ። በ1861 በቢስትርዢትሴ፣ ቀጥሎ ዛሬ ስሎቫኪያ በሆነው ግዛት፣ በ1880 በሩሲያ ሥር በነበረችው ፖላንድ በራዶምስኮ፣ በ1889 በጀርመን በፍራንከንበርግ ተተከለ። ቶኔቶች ራሳቸው ደን እየገዙ ባለ ርስት ሆኑ። ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለበት ግንድ የሚገኘው ከዕድሜ ጠገቡ ደን ነበር። የቢች ዛፍ ለመቆረጥ እስኪደርስ ከ100 ዓመት በላይ ይፈልጋል፤ ፋብሪካው ደግሞ በየሳምንቱ ይፈልገዋል።

የደኑ ጠላት ግን የወንበር ፋብሪካ ብቻ አልነበረም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደን ባለቤቶች በቢች ፋንታ ቶሎ የሚያድገውን፣ ለቤት ሥራ የሚሸጠውን ስፕሩስ የተባለ የጥድ ወገን በረድፍ መትከል ጀመሩ። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ ዕዳው ለልጅ ልጅ ተላለፈ። ከ2018 ጀምሮ በመካከለኛው አውሮፓ ድርቅ ሲደጋገም፣ ይኸው በረድፍ የተተከለ ስፕሩስ በቅርፊት ነቀዝ ተበልቶ በቼክና በጀርመን ኮረብቶች ላይ በብዛት ደረቀ። አሁን የደን ባለሙያዎች በየተራራው ቢችን ከሌሎች ዛፎች ጋር እያደባለቁ እንደገና ይተክላሉ፤ እሱም ቢሆን ከድርቁ እንዳላመለጠ እያዩ። ከጥንቱ የተረፉት የቢች ደኖች ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል፤ በ2021 መዝገቡ 18 አገሮችን አዳርሷል። በአንድ ወቅት ማገዶ የነበረ ዛፍ ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት ይጠበቃል።

የሰዎቹ ዕጣስ? ሚካኤል ቶኔት በ1871 በቪየና ሞተ። ልዩ መብቱ በ1869 ስላበቃ እነ ኮንን የመሰሉ ተወዳዳሪዎች ቢች እያጎበጡ ገበያውን ተሻሙት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮንም፣ ቶኔትም በአንድ ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ። ሁለተኛው ጦርነት የፍራንከንበርጉን ፋብሪካ አወደመ፤ ኋላ እንደገና ተሠራ። በቼኮዝሎቫኪያ የነበሩት ፋብሪካዎች ከ1945 በኋላ በመንግሥት ተወረሱ፤ የቢስትርዢትሴው ከ1953 ጀምሮ ቶን በሚል ስም ይጠራል። ባለቤቶቹ ተለዋወጡ፣ ባንዲራዎቹ ተለዋወጡ። የጎበጠው ወንበር ግን በእንፋሎት፣ በላሜራና በሰው ክንድ፣ ከዚያው ከቢች በዚያው ከተማ መሠራቱን ቀጠለ።

ባለቤት ያልነበሩት ሴቶችና ወንዶች፣ መቀመጫውን የጎነጎኑትና ትኩሱን ዘንግ የጠመዘዙት፣ በወንበሩ ላይ ስማቸው የለም። በወንበሩ ሥር የሚገኘው ማኅተም የፋብሪካው ብቻ ነው። በየመንደሩ የነበሩት አናጺዎችም፣ የአንድ ወንበር ሙሉ አሠራር በጭንቅላታቸው ይዘው የኖሩት፣ ከእንዲህ ያለው ዋጋ ጋር መወዳደር አልቻሉም። ድኻው ወንበር ያገኘው ሌላው ድኻ ሙያውን ባጣበት መንገድ ነው። ይህን የታሪክ ሚዛን ወደ አንዱ ወገን ብቻ ለማጋደል የሚደፍር ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን በማያሻማ ሁኔታ መናገር ይቻላል። እንጨቱ አልተለወጠም። በቴዎፍሎስ ዘመን አመድ ሆኖ ብርጭቆ ያቀለጠው ቢችና በቶኔት ዘመን ወንበር የሆነው ቢች አንድ ናቸው፤ ያው ክብደት፣ ያው ድክመት፣ ያው ነጠብጣብ። የተለወጠው የሰዎቹ ጥያቄ ነው። አያቶቻቸው ይህ እንጨት ዝናብ ይችላል ወይ ብለው ጠየቁ፤ መልሱ አይችልም ነበርና ማገዱት። አንድ የከሰረ አናጺ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። መለጠጥ አይችልም፤ ታዲያ ምን ይችላል? መታመቅ። ወንበሩ የተሠራው ከዚህ ከአንዲት መልስ ነው።